የዋጥኩት ፊደል

ይህ የሆነው ዓምና ከጥምቀት ወዲህ፣ የደባርቅ ብርድ ገና ባልለቀቀበት ሰሞን ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ገጥሞኛል፤ ኮምፒውተር በከፈትኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ግን ይኸው ነው። አንዳንዴ ብቻዬን እስቃለሁ። ኮፒ ሊያስነሳ የቆመ ሰው ካለ «ምን ሆነች ይቺ?» በሚል ዓይን ያየኛል።

መናኸሪያው አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ። በቀረው ጊዜ ሰው እጠይቃለሁ። ከአምቢኮ በቅሎ ይዞ የመጣ ቢሆን፣ ከአምባ ጊዮርጊስ እህል ጭኖ ያደረ ሹፌር ቢሆን፣ ስለ አገሩ ሳልጠይቀው ከቤቴ አይወጣም። እናቴ «የአንቺስ ጥያቄ ጆሮ ያደክማል» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው።

ኮምፒውተሬ ላይ ሊኑክስ የሚባለውን የጫነልኝ ታናሽ ወንድሜ ጌታሰው ነው። ድሮ የሰው ፍላሽ በተሰካ ቁጥር ቫይረስ እየገባ ሥራዬን ያበላሽብኝ ነበር። አንድ ቀን ጌታሰው በንዴት ሁሉንም አጥፍቶ ይህንን ጫነበት። መጀመሪያ ላይ ስክሪኑ ጥቁር እየሆነ ሲያስቸግረው ዋለና በመጨረሻ አንድ ቦታ ገብቶ አንዲት ቃል ጻፈበት፤ ተስተካከለ። ቃሏ ምን እንደሆነች ብጠይቀው «ለአንቺ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። እኔም ተቀየምኩና ተውኩት።

አሁን ጌታሰው ሊማሊሞን ቁልቁል ወርዶ ዛሪማ በረሃ የመንገድ ሥራ ላይ ነው። ስልኩ አንድ ቀን ቢሠራ ሁለት ቀን ይጠፋል።

የታሪኩ ባለቤት ግን መሪጌታ ላቀው ናቸው። የዜማ መምህር ናቸው፤ ከደባርቅ ወደ ዳባት ሲሄዱ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ባለች ደብር ያስተምራሉ። ተማሪዎቻቸው የሚሏቸው የኔታ ነው፤ እኛም ሳንማር የኔታ እንላቸዋለን። አንገታቸው ላይ የቆየ እንቅርት ነበረባቸው። እኛ አገር እንቅርት ብርቅ አይደለም፤ የእሳቸው ግን እያደገ መጥቶ ትንፋሽ ያሳጥራቸው ጀመር። ጎንደር ወርደው ቢታዩ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ተባሉ። ሐኪሙም አልደበቃቸውም፤ ቦታው ለድምፅ ቅርብ ስለሆነ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ድምፃቸው ሊለወጥ እንደሚችል ነገራቸው።

የዜማ ትምህርት ከአፍ ወደ ጆሮ ነው። መምህሩ ይላል፣ ተማሪው ይቀበላል፤ ሲሳሳት ይመለሳል። መምህሩ ድምፁን ካጣ ተማሪው ከማን ይቀበላል? ስለዚህ ተማሪዎቻቸው መከሩና የኔታን በስልክ መቅዳት ጀመሩ። ስልኩ ሲሞላ እኔ ዘንድ ይመጣሉ፤ ወደ ኮምፒውተሬ እናራግፈውና ስልኩን ባዶ አድርገው ይመለሳሉ። ሌላ ቦታ ቅጂ ማስቀመጥ የአንዳችንም ሐሳብ አልነበረም። ስናራግፍ ስንሞላ ወራት አለፉ።

የኔታ ወደ ጎንደር ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ጠዋት ሱቄ መጡ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ መቋሚያቸውን ከበሩ ጥግ አስደግፈው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«በይ እስቲ አሰሚኝ» አሉ። «የተሳሳትኩት ካለ ዛሬ ላቃናው። ነገ ካለፈ ወዲያ ድምፄ የእኔ መሆኑ ያጠራጥራል።»

እኔም ለክብራቸው አሳምሬ ላቀርብላቸው ፈለግሁ። ስልኩ ብዙ ኮሽታና የውሻ ጩኸት አብሮ ቀድቷል። ድምፅ የሚቆርጥና የሚቀጥል ፕሮግራም ልጫን ብዬ ተነሳሁ። ኢንተርኔት ተቋርጦ ከርሞ የተመለሰ ሰሞን ስለነበር ኮምፒውተሩ የተጠራቀመ አፕዴት ነበረበት። በዚያው ይጨርስ ብዬ ሁለቱንም አንድ ላይ ለቀቅኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ?

ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ እንደ ጎርፍ ሲወርድ የኔታ ጠጋ ብለው አዩ።

«ይህ ሁሉ ምን የሚለው ነው?»

«ራሱን እያደሰ ነው የኔታ።»

«እንግዲያ ንስሐ ገብቷል በይኛ!»

ስንስቅ ጎርፉ ቆመ። መሐል ላይ አንድ ሣጥን መሰል ነገር ወጣና ጥያቄ ጠየቀኝ። በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛዬ ማመልከቻ ለመጻፍ ያህል ነው፤ ግን ቀስ ብዬ ሳነበው ነገሩ ገባኝ። ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ የሚያነበው ፋይል አለ። የእሱ አዲስ ዓይነት መጥቷል፤ በፊት ያለው ደግሞ በሰው እጅ ተነካክቷል። ምን ላድርግ? ነው የሚለው። ከታች ምርጫዎች ደርድሯል። አንዱ የአዘጋጁን አዲሱን አስገባ ይላል። አንዱ አሁን ያለውን «ሎካል» የሆነውን አቆይ ይላል። ሌላው ልዩነቱን ላሳይሽ ይላል። ማሽኑ ራሱ ያቀለመው «ሎካሉን አቆይ» የሚለውን ነበር።

ጌታሰው ጋ ደወልኩ። የሉም ትላለች ያቺ የስልክ ውስጥ ሴትዮ።

«ምን ቸገረሽ?» አሉ የኔታ።

«አንዱን ምረጪ ይለኛል። ወይ ከባለቤቱ የመጣውን፣ ወይ ሎካሉን።»

«ሎካል ምንድን ነው?»

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። በእኛ ገበያ ሎካል ማለት ተራ ማለት ነው። ቀለም ስገዛ «ኦርጅናል ነው ወይስ ሎካል?» ብዬ ነው የምጠይቀው። ቻርጀርም ጫማም እንደዚያው ነው፤ ሎካል ከሆነ ቶሎ ይበጠሳል። ለየኔታም እንደዚያው ነገርኳቸው።

«ሎካል ማለት የኔታ፣ እዚሁ የተሠራ፣ ተራ የሆነ፣ ኦርጅናል ያልሆነ ማለት ነው።»

«ታዲያ ምን ያጠራጥርሻል? ደህናውን ውሰጂ እንጂ» አሉ።

የተቀለመውን ትቼ ወደ ላይ ወጣሁና ኦርጅናሉን መረጥኩ። ልዩነቱን ላሳይሽ የሚለውን ዘልዬው ማለፌ እስካሁን ይገርመኛል። ዕድሜዬን ሰው ስጠይቅ የኖርኩ ሴት፣ ማሽኑ ራሱ ላሳይሽ ሲለኝ አይ አልኩት።

ሥራውን ጨርሶ ሪስታርት አድርጊኝ አለኝ፤ አደረግኩት። የፋብሪካው ምልክት ብልጭ አለ። ከዚያ ጥቁር ሆነ። ትንሽ ይቆይ ብለን ጠበቅን። ውስጡ ያለው ማራገቢያ ይጮኻል፣ መብራቱ በርቷል፣ ስክሪኑ ግን የእንጀራ ምጣድ ነው። አጥፍቼ አበራሁት። ያው ነው። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁት። ያው ነው።

ላቤ መጣ፤ በደባርቅ ብርድ።

የኔታ ፊቴን አይተው ነገሩ ገባቸው። «ጠፋ?» አሉኝ በቀስታ።

«አላውቅም የኔታ» አልኩ። ማልቀስ ቃጣኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር። እሳቸው ግን አንገታቸውን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉና «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው» አሉ። ተረቱን በራሳቸው ላይ ሲተርቱት መሳቅ አቃተኝ፤ አለመሳቅም አቃተኝ።

ወራት የለፉበት ሁሉ እዚያ ጥቁር ነገር ውስጥ ነው። ሊያርሙት የመጡበት ቀን ደግሞ ዛሬ ብቻ ነው። ነገ ጠዋት ሚኒባስ ይሳፈራሉ።

ለጌታሰው ደጋግሜ ደወልኩ። ፀሐይዋ በሩ ላይ እስክትደርስ ስልኩ አልገባም አለ። በኋላ ራሱ ደወለ። ኮረብታ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ይጮኻል። የኔታም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ነገርኩት።

«እታለም! ሎካሉን ማቆየት ነበረብሽ እኮ!» አለ። «ያቺን የጻፍኩልሽን ቃል ደመሰስሻት።»

«ፋይሎቹስ? የየኔታ ድምፅ?»

«እሱ ምንም አልሆነ። ስክሪኑን ማየት ስላልቻልሽ ነው እንጂ ሁሉም እዚያው አለ።»

የኔታ ማተባቸውን ይዘው በረጅሙ ተነፈሱ።

ጌታሰው መምራት ጀመረ። አጥፊው፤ ስታበሪው ይችን ቁልፍ ጠቅ ጠቅ አድርጊ፤ ዝርዝር ይመጣልሻል፤ ኢ የምትለዋን ፊደል ንኪ። እንዳለኝ አደረግኩ፤ እውነትም ብዙ ጽሑፍ መጣ። ሊኑክስ ብሎ የሚጀምረውን መስመር ፈልጊ፤ መጨረሻው ላይ ሂጂ፤ አንድ ክፍት ቦታ ተይና ቃሏን ጻፊ።

«ቃሏ ማናት?»

«ኖሞድሴት።»

«ሞድ የሌላት ሴት? ትሰድበኛለህ?»

«ኧረ እታለም፣ ስሚኝ! በፊደል ልንገርሽ። ኤን፣ ኦ፣ ኤም፣ ኦ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤስ፣ ኢ፣ ቲ። በመልእክትም እልክልሻለሁ። ከዚያ ኮንትሮልና ኤክስ...»

ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል የሉም። መልእክቱም አልመጣም።

ግዴለም፣ ሰምቻለሁ ብዬ ጻፍኩ። ኖ፣ ሞድ፣ ሴት። ኮንትሮልና ኤክስን ነካሁ። ብልጭ አለ፤ ከዚያ ጥቁር ሆነ። እንደገና ሞከርኩ። ያው ጥቁር ነው። ጌታሰው ተሳስቷል፣ ወይም ኮምፒውተሩ ሞቷል፤ ከሁለት አንዱ ነው ብዬ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

የኔታ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ እያነሱ ይጥሉ ነበር። የሚጸልዩ መስሎኝ ተውኳቸው። በኋላ ግን ሰማኋቸው። ፊደሎቹን እያዜሙ ነበር።

«ኤን ኦ፣ ኤም ኦ፤ ዲ ኢ፣ ኤስ ኢ ቲ።»

«ምን እያሉ ነው የኔታ?»

«ልጁ ያለውን ነዋ። እንዳይጠፋኝ በዜማ ይዤዋለሁ።»

«ከየት ያውቁታል? እንግሊዝኛ አይችሉም።»

«መቻል ምን ያደርጋል፤ ሰማሁ። አንቺ ምን ብለሽ ጻፍሽ? እስቲ እንደእሱ እየነጠልሽ በይልኝ።»

መስመሩን እንደገና አስመጣሁና የጻፍኩትን አስታውሼ አልኩላቸው፤ ኤን፣ ኦ፣ ኤም፣ ኦ፣ ዲ፣ ኤስ፣ ኢ፣ ቲ። የኔታ ልክ ከዲ ወደ ኤስ ስሻገር መቋሚያ እንደያዘ ሰው እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ፣ ቆይ። ዋጥሽ!»

«ምኑን?»

«ፊደል ዋጥሽ! ኢ ሁለቴ ነው የመጣችው። ከዲ ኋላ አንዴ፣ ከኤስ ኋላ አንዴ። አንቺ የፊተኛዋን ዋጥሻት። ተመለሺ።»

ተመለሺ ሲሉኝ ልክ እንደ ተማሪዎቻቸው ደነገጥኩ። እውነታቸውን ነው፤ እኔ የሰማሁት ፊደሉን ሳይሆን አማርኛውን ነው። ሞድ ካልኩ ሞድ ነው፤ ምን ኢ አለው? እሳቸው ግን የቃሉን ትርጉም ስለማያውቁት እንዳለ ያዙት። ይህን ያሰብኩት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ የመጀመሪያዋን ፊደል እጠብቅ ነበር።

የኔታ እያዜሙ፣ እኔ እየጻፍኩ ሄድን። ዲ ካሉ በኋላ ኢን ረዘም አደረጉልኝ፤ ዳግመኛ እንዳልውጣት ነው። ኮንትሮልና ኤክስ። ብልጭ አለ። ጥቁር ሆነ። ከዚያ የማውቀው ሰማያዊ ስክሪን መጣ።

እልል አልኩ። ጎረቤቴ ያለችው የሻይ ቤቷ ሴትዮ «ማን ወለደ?» ብላ ሮጣ መጣች።

የኔታ ወዲያው ወደ ሥራ ገቡ። ቀረጻውን ከፈትኩላቸው። የራሳቸውን ድምፅ ሲሰሙ ፊታቸው የመምህር ፊት ሆነ፤ አልሳቁም፣ አልተደሰቱም፣ ብቻ አደመጡ። አልፎ አልፎ «ይኼ ደህና ነው» ይላሉ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ «አጥፊው፤ እዚህ ቸኩያለሁ» አሉና ስልኬን አስከፍተው እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እንደገና አሉት። በሩ ላይ ሰው ቆመ። ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ ገበሬ ባርኔጣውን አወለቀ። እስኪጨርሱ ድረስ ማንም «ተረኛው እኔ ነኝ» አላለም።

ሲመሽ አካባቢ ያለኝን ፍላሽ ሁሉ ሰበሰብኩና ቀረጻውን ገለበጥኩ። አንዱን ለየኔታ፣ አንዱን ለተማሪዎቻቸው፣ አንዱን እናቴ ቤት ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። ይህን ሁሉ ከጨረስኩ በኋላ የጌታሰው መልእክት ገባ። ቃሏ በደንብ ተጽፋለች፤ ኢዋም ሁለቴ አለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

በማግሥቱ ጌታሰው ደውሎ ቃሏን ለዘለቄታው የምጽፍበትን ቦታ አሳየኝ። ሎካል ማለትም በዚያ ቋንቋ ተራ ማለት እንዳልሆነ ነገረኝ፤ እዚሁ ማሽን ላይ፣ ለዚሁ ማሽን ጠባይ ተብሎ የተስተካከለ ማለት ነው። ደግሞ የገረመኝ፣ አሮጌው ፋይል አልጠፋም ነበር። ማሽኑ አዲሱን ሲያስገባ አሮጌውን ስሙ ላይ «ኦልድ» ብሎ ጨምሮበት እዚያው ጎኑ አስቀምጦታል። ከፍቼ አየሁት። ወንድሜ የዛሬ ስንት ዓመት የጻፋት ቃል እንዳለች አለች። ለየኔታ በስልክ ብነግራቸው «እንግዲያ ሎካል የቤት ልጅ ማለት ነዋ! የቤቱን አመል የሚያውቅ» አሉኝ። ሐኪም ቤት በር ላይ ሆነው ነው እንዲህ የሚያወሩት።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። እንቅርቱ ወጣ፣ ትንፋሻቸው ተመለሰ። ድምፃቸው ግን እንደተፈራው ሆነ። አሁን ሲናገሩ ሻካራና ዝቅ ያለ ነው፤ ከፍ ያለውን ዜማ ማውጣት አይችሉም። መጀመሪያ ሰሞን ስሰማቸው ዘወር ብዬ አለቀስኩ። እሳቸው ግን ማስተማራቸውን አልተዉም። ተማሪዎቹ ከቅጂው ይሰማሉ፣ የኔታ በእጃቸው ይመራሉ።

ዘንድሮ ለደብራቸው ንግሥ ሄጄ ነበር። ተማሪዎቹ ቆመው ሲያዜሙ ድምፁ የየኔታ የድሮ ድምፅ ነው፤ ያለ አንዳች ልዩነት። አንድ ቦታ ላይ ግን አንድ ረጅም ቃል መሐል ሁሉም ባንዴ ቀጥ አሉ። ትንፋሽ ሳቡ። ከዚያ ሁሉም ባንዴ ቀጠሉ። ያቺ ቦታ እንዴት ታምራለች! በጸጥታው ውስጥ የሰው ሁሉ ልብ የቆመ መሰለኝ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ጥያቄ መቼም አይለቀኝም። ሕዝቡ ሲበተን የኔታ ዘንድ ሄጄ መስቀል የያዙትን ቄስ አሳልፌ ቀረብኩና «የኔታ፣ ያቺ መሐል ላይ ጸጥ የሚሉባት ቦታ ስም አላት?» አልኳቸው።

ሳቁ። በዚያ በሻካራ ድምፅ ሳቃቸው ሳል ይመስላል።

«እሷ ዜማ አይደለችም ልጄ። እንቅርቴ ናት።»

«እንዴት?»

«ስትቀዱኝ ትንፋሽ ያጠረኝ ቦታ ናት፤ ያን ቀን ሳርም አመለጠችኝ። ልጆቹ ከቅጂው ተቀበሉና ይኸው ሁሉም ያቆሙባታል።»

«ታዲያ አያርሟቸውም?»

«መች አጣሁት፤ ሞከርኩ። ‘የኔታ፣ አንቱ ራስዎ እንዲህ ነው ያሉት’ አሉና ስልካቸውን አወጡብኝ። በገዛ ድምፄ ረቱኝ።»

መንገድ ላይ ብቻዬን ስስቅ፣ ስስቅ እንባዬ መጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ የሊቃውንቱን ዜማ ስሰማ አንዲት ያማረች ቦታ ላይ ሲደርሱ ዝም ብዬ አላልፋትም። ስንት መቶ ዓመት እንደቆየች ማን ያውቃል? ጸሎቴን ገታ አደርግና «ይችስ የማን እንቅርት ትሆን?» እላለሁ።